አርባ አንድ ደቂቃ

ኮብልስቶኑ አልቆ ጭቃው ሲጀምር፣
ከኮዬ ፈጬ ጫፍ፣ ከቆርቆሮው አጥር፣
የእቃ መጋዘን አለ፤ እዚያ ነው ወንበሬ።
ሃያ ሁለት ሹፌር ጧት በስም ጠርቼ፣ በጣቴ ቆጥሬ
አስወጣለሁ፤
ማታም ቆጥሬ አስገባለሁ።
መሐሉን የሚያይልኝ ስክሪኑ ነው፤ እኔ አላይም፦
አረንጓዴ ለደረሰ፣ ቢጫ ለዘገየ፣
ቀይ ለሌላው ሁሉ። ሌላው ስም የለውም።

ሐሙስ በመጣ ቁጥር ሽመክት ይቀላል፤
አርባ አንድ ደቂቃ ካንድ ስፍራ ይቆማል፤
ብሎክ ሁለት መቶ አሥራ አራት፣ ከትራንስፎርመሩ ጎን፣
ሞተሩ ጠፍቶ፣ እቃው ሳይነካ። ምን ይሠራ ይሆን?

ከዋናው ቢሮ አቶ ልዑልሰገድ ደወሉ፤
ድምፃቸው ልስልስ ነው፣ ቁጥር ሲጠሩ ይሻክራሉ፦
"ይሄ ልጅ አማካያችንን ቁልቁል ጎትቶታል፤
ወይ ይታረም፣ ወይ ይሰናበት። ቅጹ ተልኮልሻል።"

የቅጹ ጥያቄ አምስት ነው፤ ቁጥር እንጂ ቃል አይወድም፦
በሰዓት ስንት ደጅ? ስንት ተመላሽ? ስንት ስሞታ?
ከግርጌ "ተጨማሪ አስተያየት" የምትል ጠባብ ቦታ
አለች፤ ከሃያ ፊደል በላይ አትወስድም።

"በሰዓት ስንት ደጅ" ይላል የመሐል ከተማ ሰው!
እዚህ ደጅ የሚገኘው በቁጥር አይደለም፤ በወሬ ነው፦
"ከሙዝ ቤቱ ጀርባ፣ ሊፍቱ ከቆመው ሕንፃ ግባ፤
ነጭ መጋረጃ ካየህ አልፈኸናል፤ ተመለስ፤
ቡችላው ከጮኸብህ ደርሰሃል፤
ጠብቅ፣ ጎረቤት ይከፍትልሃል፤ እኛ የለንም።"

ሐሙስ በባጃጅ ተከተልኩት። ልይዘው።
ጫት ይሆን? ሴት ትሆን? የጎን ጭነት ነው?
አደባባዩን ሳንዞር ሦስቱንም ፈርጄ
መሰናበቻውን አርቅቄ ነበር በሆዴ።

ዳማሷ ቆማለች። በመስኮቷ አየሁ።
ሽመክት ተኝቷል።
በቃ። ሌላ ነገር የለም።
ጉንጩን መሪው ላይ ጥሎ፣ አፉን በትንሹ ከፍቶ፣
ስልኩን ለአርባ ደቂቃ ደወል ሞልቶ።
አንዷ ደቂቃ ለካ ለመንቂያ ናት።

ከመስታወቱ ሥር የማደያ ደረሰኝ፤
ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ይላል። ያኔ ገባኝ።
ረቡዕ ማታ ሰልፍ ይይዛል፣ ቤንዚን እስኪደርሰው፤
ሐሙስ ጧት አንድ ሰዓት ላይ "አረፈድክ" የምለው
እኔ ነኝ።
ሠንጠረዡ ለሰልፍ ዓምድ የለውም፤
ዳማስ ግን በአማካይ አትሄድም።

ላንኳኳ ያነሳሁት እጅ አየር ላይ ቀረ።
ሁለት ጎረምሶች መጡ፤ አንዱ የኋላ እጀታዋን ሞከረ፤
ውስጧ ሠላሳ ስድስት ካርቶን አለ።
"ወግድ!" አልኩ፣ በሹክሹክታ።
በሹክሹክታ የምትቆጣ አለቃ ያን ቀን ሆንኩ፤
ጀርባዬን በሩ ላይ ደግፌ፣ እንደ ጥበቃ ቆምኩ።

ደወሉ ጮኸ። የመሪው ስፌት ጉንጩ ላይ ታትሞ
አየኝ፤ አልደነገጠም፣ ይቅርታም አላለ።
"ብሎክ ሁለት መቶ ሃያ ሊፍት የለውም፤ ምንጣፍ ነው" አለ፣
"መጣሽ አይደል? ጫፉን ያዢ።"

ሦስተኛው ፎቅ ላይ ቅጹን ረሳሁት፣
አምስተኛው ላይ ስሜን።
ስድስተኛው ላይ አንዲት ሴት በሯን ከፍታ፣
አረፋ የያዘ እጇን ወደ ደረጃው ዘርግታ፣
"ዘገያችሁ!" አለች።
ያቺን "ችሁ" ሰማኋት። ለካ እኔም ብዙ ቁጥር ነኝ።

ማታ ከግርጌ፣ ከጠባቧ ቦታ ላይ ጻፍኩ፦
"ረቡዕ ሌሊት ሥራ ላይ ነው።"
ስምንት ፊደል ተረፈኝ፤ የምጨምረው አጣሁ።

ዓርብ ጧት ስልኬ ጠራ። ያው ልስልስ ድምፅ፦
"አንቺስ? ሐሙስ ዕለት፣ ከትራንስፎርመሩ ጎን፣
ሃያ ዘጠኝ ደቂቃ ቆመሻል። ምን ስትሠሪ ነበር?"
ስክሪኑን ዞር ብዬ አየሁ።
ስሜ ቀልቷል፣ ከሽመክት በታች።
"ሰልፍ" አልኩ፣
"ተራ ይዤ ነበር።"